የባልደረባዬን ጥፋት እኔ ልውሰድ?

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግኩት በሕክምና ሙያ ላይ ያሉ እህቶችና ወንድሞች ለብዙ ጊዜ በልባቸው ይዘውት ስለሚዞሩት አንድ ጥያቄ ነው። ባልደረባዬ ተሳስታለች፤ ጥፋቷ ከታወቀ እንጀራዋ ይቋረጣል። እኔ ግን ብዙ ዓመት ያገለገልኩ ስለሆንኩ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኝ ይሆናል። ታዲያ «እኔ ነኝ» ብዬ ብወስድላት ምን አለበት? ክርስቲያንስ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም አይደል የተጠራው?

ጥያቄው የነርሶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በባንክ ሒሳብ የጎደለባት ባልደረባ ያለችውን ሁሉ፣ በትምህርት ቤት ውጤት አሳስቶ የሞላ ጓደኛ ያለውን ሁሉ ይገጥመዋል። በነርሶች ዘንድ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ምክንያቱም በሁለቱ ባልደረቦች መካከል አልጋ ላይ የተኛ ሰው አለ።

«እኔ ነኝ ብያለሁ»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ አንዲት ነርስ እህታችን ከባለቤቷ ጋር ወደ ቤታችን መጣች። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና የምትሠራበትን ሆስፒታል ግን አልጠቅስም። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠችም። «እትዬ፣ ሐሙስ የጽሑፍ ሪፖርት አቅርቢ ተብያለሁ። ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ ብዬ ልፈርም ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሌሊት ተረኛ የነበሩት ሁለት ነርሶች ናቸው። አንደኛዋ እርሷ ስትሆን ሌላዋ ከተመረቀች ገና ጥቂት ወራት የሆናት፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች ልጅ ነበረች። አንድ የስኳር ሕመምተኛ አባት 10 ዩኒት ኢንሱሊን እንዲወጉ ታዝዞላቸዋል። በክፍሉ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ካለቀ ሰንብቷል። ልጅቱ ተራውን ሲሪንጅ አነሣች። በብዛት የምንጠቀምበት ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ይይዛል፤ 10 ዩኒት ማለት የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። እርሷ ግን በድካምና በጥድፊያ አንድ ሙሉ ሚሊ ሊትር ቀዳች። የታዘዘውን አሥር እጥፍ ሰጠች ማለት ነው።

እኩለ ሌሊት አካባቢ ሕመምተኛው በላብ ተጠምቀው፣ ንግግራቸው ተሳክሮ ተገኙ። ስኳራቸው ሲለካ 38 ሆነ። እህታችን ወዲያው 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠች፤ ሐኪም እንዲጠራም አደረገች። በዚህ መካከል ልጅቱ መተላለፊያው ላይ ክንዷን ያዘቻት። «ሲስተርዬ፣ እኔ ነኝ ያበዛሁት መሰለኝ። ካወቁ ያባርሩኛል። ወንድሞቼን የማሳድገው እኔ ነኝ። አንቺን ምንም አያደርጉሽም» እያለች አለቀሰች። እህታችን አንጀቷ ተላወሰ። ሐኪሙ መጥቶ «ኢንሱሊኑን ማን ሰጠ?» ሲል «እኔ ነኝ» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህንን ስሰማ ልቤ ተነካ። «ይህ እኮ የክርስቶስ ፍቅር ነው» አልኳት። ባለቤቷ ግን ፊቱ ጠቆረ። «የእኔና የልጆቻችንስ ነገር? ለምን ልጅቱ ራሷ ናት ብለሽ አትናገሪም? ወይም ዝም በይ፤ ማን አየሽ?» አለ። እኔ አንዱን፣ እርሱ ሌላውን እያልን ስንነጋገር የእኔ ባለቤት ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ አንዲት ጥያቄ ጠየቃት። «እኒያ አባት ከዚያ በኋላ እንዴት ሆኑ?»

እህታችን አንገቷን ደፋች። የከበዳት ነገር እርሱ ኖሯል። ሐኪሙ «ስንት ዩኒት ሰጠሽ? በስንት ሰዓት?» ብሎ ሲጠይቃት አላወቀችም፤ እርሷ አልሰጠችማ። በግምት «ምናልባት ትንሽ ጨምሬ ይሆናል» አለች። ሐኪሙም የነገረችውን አምኖ ያንኑ የሚመጥን ሕክምና አዘዘ። ስኳራቸው ተነሣ፤ ሁሉም ተረጋጋ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን እንደገና ወረደ፤ በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ሳቱ። ልጅቱ ሙሉ ሚሊ ሊትር መቅዳቷን የተናገረችው ያኔ ነው። እህታችን ወደ ሐኪሙ ሮጣ «አሁን ትዝ አለኝ፣ የቀዳሁት አንድ ሚሊ ሊትር ነው» አለች። የሚንጠባጠብ ግሉኮስ ተተከለላቸው፤ ስኳራቸውም በየሰዓቱ ሲለካ አደረ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። መዝገቡ ግን እስከዚያ እሑድ ድረስ «የሰጠችው እርሷ ናት» ይል ነበር።

«እትዬ፣ ቅጣቱን አልፈራሁም። ግን እኒያን አባት ሁለተኛ ጊዜ የጣልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። እኔም «የክርስቶስ ፍቅር ነው» ያልኩትን ቃሌን በልቤ መልሼ ዋጥኩት።

ሸክምና ምስክርነት ይለያያሉ

ያን ሳምንት በኮሌጅ የተማርኳቸውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች እንደ አዲስ ከፍቼ አነበብኩ። በዘፍጥረት 44 ጽዋው በብንያም ዓይበት ውስጥ ሲገኝ ይሁዳ በዮሴፍ ፊት ቆሞ በታናሽ ወንድሙ ፈንታ እርሱ ባሪያ ሆኖ እንዲቀር ይለምናል። እስቲ ልብ በሉ፤ ይሁዳ «ጽዋውን የሰረቅሁት እኔ ነኝ» አላለም። በፈንታው ልቀጣ አለ እንጂ በሐሰት አልመሰከረም። ጳውሎስም ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ ዕዳ ካለበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ፈርሟል፤ በደሉን ግን «እኔ ነኝ ያደረግሁት» አላለም።

ጌታችንስ? ኃጢአታችንን በመስቀል ላይ ተሸከመ፤ ነገር ግን በአፉ ተንኰል እንዳልተገኘ ያው ሐዋርያው ጴጥሮስ እዚያው አጠገቡ ይነግረናል። ዋጋችንን ከፈለ እንጂ «እኔ በድያለሁ» ብሎ አልዋሸም። እንግዲህ መስቀሉን ምሳሌ አድርገን የሐሰት ፊርማ ብንፈርም ምሳሌውን ተሳስተናል ማለት ነው።

በገላትያ ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ በቁጥር 2 የሌላውን ሸክም እንድንሸከም፣ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን እንዲሸከም ተነግሮናል። በአማርኛው ሁለቱም «ሸክም» ይባላሉ፤ በግሪኩ ግን የመጀመሪያው «ባሮስ»፣ ሁለተኛው «ፎርቲዮን» ነው። ባሮስ ወገብ የሚያጎብጥ ከባድ ጭነት ነው፤ ፎርቲዮን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠው የራሱ ጭነት ነው። የባልደረባሽ ፍርሃት፣ ኀፍረት፣ የወንድሞቿ እንጀራ ጉዳይ ባሮስ ነው፤ አግዢያት። ምን እንዳደረገች መናገር ግን የእርሷ ፎርቲዮን ነው። ብትወስጅባት አቀለልሽላት ማለት አይደለም።

የተበደርነው ጥፋት የሚያደርሰው ጉዳት

ለምን ይህን ያህል አጠብቀዋለሁ? ምክንያቱም ያላጠፋ ሰው ጥፋቱን ሲወስድ የሚጎዱ ሦስት ወገኖች አሉ።

የመጀመሪያው ሕመምተኛው ነው። ሐኪም የሚያክመው የተነገረውን ነው። መድኃኒቱን ያልሰጠ ሰው መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የተወጋበትን ቦታ በትክክል ሊናገር አይችልም። ከላይ እንዳያችሁት የሦስት ሰዓት ግምት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ነበር።

ሁለተኛዋ ያቺው ልናድናት የፈለግናት ባልደረባ ናት። ስህተቷን ያልተናገረች ሰው አትማርም፤ ይልቁንም ምስጢሯን ከያዘችው ሰው ጋር በፍርሃት ታስራ ትኖራለች።

ሦስተኛው ነገ በዚያው አልጋ ላይ የሚተኛው ሰው ነው። ጄምስ ሪዝን የሚባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ይህን በአይብ መስለውታል። እንደ እኛ አይብ ሳይሆን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የስዊስ አይብ ማለታቸው ነው። ብዙ ቁራጭ ቢደረደር የአንዱን ቀዳዳ ሌላው ይሸፍነዋል፤ አደጋ የሚደርሰው ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ መሥመር ሲገጥሙ ነው። በእህታችን ክፍል የኢንሱሊን ሲሪንጅ ማለቁ አንድ ቀዳዳ ነበር። ለብዙ ሕመምተኛ ሁለት ነርስ መመደቡ ሌላ፣ ሁለተኛ ሰው መጠኑን አለማየቱ ሌላ። «እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው» ብላ ብትፈርም ኖሮ ፋይሉ ይዘጋ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ግን ክፍት ሆነው ይቀሩ ነበር።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ዘገባ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስህተት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። የዘገባው ዋና መልእክት «መጥፎ ሠራተኞችን አባርሩ» የሚል አልነበረም፤ ሰው ይሳሳታልና ስህተቱን ቀድሞ የሚይዝ አሠራር ዘርጉ የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት አሰጣጥ የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን የሆነው ነገር እንደሆነው ሲነገር ነው።

እውነት ዋጋ ያስከፍላል

«አንቺ ይህን የምትይው ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው» የምትሉኝ ነርሶች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ እውነት መናገር አንዳንዴ በጣም ያስከፍላል። በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አንዲት ነርስ የሚያረጋጋ መድኃኒት በመስጠት ፈንታ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት ሰጥታ ሕመምተኛዋ ሞተች። ነርሷ ስህተቷን እንዳወቀች አልደበቀችም፤ ወዲያው ተናገረች። የሙያ ፈቃዷን ተነጠቀች፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በወንጀል ጥፋተኛ ተባለች፤ በግንቦት ወር የሦስት ዓመት የፈተና ቅጣት ተወሰነባት፤ እስር ቤት ግን አልገባችም። ያን ጊዜ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር፣ ስህተትን እንደ ወንጀል መቅጣት ሌሎች እውነቱን እንዳይናገሩ ያስፈራል ሲል ስጋቱን ገለጸ።

በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ካደረሰ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ሊያስቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ «እኔ ነኝ» ማለት ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በላይ ሊያደርስ ይችላል። ሕመምተኛው በማግሥቱ ቢሞትስ? ያን ጊዜ ወይ ላላደረግሽው ትታሰሪያለሽ፣ ወይ ቃልሽን ለውጠሽ «መጀመሪያ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ትያለሽ። ሁለቱም የልጆችሽ እናት ሊደርስባት የሚገባ አይደለም።

ታዲያ ዋጋ የማይቀር ከሆነ ለእውነት እንክፈለው እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር መጥራቱ አይቀርም።

የራስሽ ድርሻ ካለ ግን

አደራ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ «እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ እጃችሁን እንዳትታጠቡ። ብዙ ጊዜ በባልደረባችን ስህተት ውስጥ የእኛም ድርሻ አለ፤ እርሱን መውሰድ ግዴታችን ነው። ሳታዪ በሁለተኛ ተቆጣጣሪነት ፈርመሽ ከሆነ፣ «አላየሁም፤ ፈርሜያለሁ» ማለት የአንቺ ነው። አዲሷን ልጅ ብቻዋን ትተሽ ሄደሽ ከሆነ፣ ዕቃ ማለቁን እያወቅሽ ሳታሳውቂ ቀርተሽ ከሆነ፣ እርሱም የአንቺ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ከሆንሽ በአስታሚው ቤተሰብ ፊት ቆመሽ «በክፍላችን ስህተት ተፈጥሯል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» ማለት ውሸት አይደለም፤ የኃላፊነት ወግ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ያደረግሽውንና ያላደረግሽውን ሳትቀላቅዪ፣ ያንቺን ሙሉ በሙሉ ውሰጂ።

በተቃራኒው ደግሞ ባልደረባን አሳልፎ መስጠት አለ። ስህተቷን በሻይ ክበብ ማውራት፣ ለራስ ለማምለጥ «ድሮም እንዲህ ናት» ማለት እውነት መናገር አይባልም። አዳም የተጠየቀው ስለ ራሱ ነበር፤ የመለሰው ግን ስለ ሚስቱ ነው።

ያኔ ምን እናድርግ?

እህታችን ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ ለሌሎችም ይጠቅማል። ሰኞ ዕለት ልጅቱን ብቻዋን አግኝታ «እኔ ነኝ ብዬ አልፈርምም። አንቺንም ብቻሽን አልሰድሽም» አለቻት። ሁለት ቀን አብረው ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጻፉ። ልጅቱ ምን ያህል በምን እንደቀዳች፣ በስንት ሰዓት እንደሰጠች ጻፈች። እህታችን ደግሞ ለሐኪሙ ያልሆነውን መናገሯን፣ መጠኑን አለማየቷን፣ ሲሪንጅ ማለቁን እያወቀች በጽሑፍ አለማሳወቋን ጻፈች። ሐሙስ አብረው ገቡ።

ቀላል አልነበረም። የሕመምተኛው ልጅ ሲነገረው ጮኸባቸው፤ መብቱም ነው። የልጅቱ የሙከራ ጊዜ ተራዘመ እንጂ አልተባረረችም። እህታችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ትጠብቀው የነበረውም የክፍል ኃላፊነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ነገር ግን ወር ሳይሞላ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ወደ ክፍሉ መጣ፤ ኢንሱሊን ከመሰጠቱ በፊትም ሁለተኛ ሰው መጠኑን አይቶ እንዲፈርም ተወሰነ። ልጅቱ ዛሬ አዳዲስ ነርሶችን የምታለማምድ ሆናለች፤ በመጀመሪያው ቀን የምትነግራቸው ይህንኑ የራሷን ታሪክ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለነርሶች አራት ነገር ልምከር። አንደኛ፣ ስህተት ሲታይ ከሁሉ አስቀድሞ ሕመምተኛውን አስቡ፤ «ማን?» የሚለው ጥያቄ «ምን ተሰጠ? ስንት? መቼ?» ከሚለው በኋላ ይምጣ። ሁለተኛ፣ በገዛ እጃችሁ ያልሰጣችሁትን መድኃኒት ሰጥተናል ብላችሁ አትፈርሙ፤ ለውለታም፣ ለእዝነትም ቢሆን። ሦስተኛ፣ ያጠፋችውን ብቻዋን አትተዉአት፤ ስትጽፍ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ስትጠራ አብራችኋት ግቡ። ብትቀጣ ደግሞ ደመወዟ እስኪመለስ ከኪሳችሁ አዋጡላት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ አይደል? አራተኛ፣ አለቃ ወይም አንጋፋ ከሆናችሁ፣ ጀማሪዎች ስህተታቸውን ሳይሸሽጉ ሊነግሩአችሁ የሚደፍሩባችሁ ሰዎች ሁኑ። ያቺ ልጅ ለሐኪሙ ለመናገር የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ለባለትዳሮች

ባሎች ሆይ፣ ሚስቶችም፣ የትዳር አጋራችሁ ከሌሊት ተራ ዝም ብሎ ከገባ «ምን ሆነሃል? ምን ሆነሻል?» ብላችሁ ወዲያው አትውጠሩ። ሻይ አቅርቡ፤ እስኪናገር ጠብቁ። ሲናገር ደግሞ «ነግሬሽ አልነበር?» አትበሉ። የእህታችን ባለቤት በኋላ እንዲህ ብሎናል፦ «እኔ ያሰብኩት ቤቴን ማዳን ነበር። ግን ዝም በይ ስላት ብቻዋን እንዳደረግኳት አላወቅሁም።» ረቡዕ ማታ የጻፈችውን ሪፖርት ቁጭ ብሎ አነበበላት፤ ሐሙስም ሥራውን አስፈቅዶ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቃት። ከእኔ ምክርና ከጸሎታችን ይልቅ ያበረታት እርሱ እንደ ነበር እርሷው ነግራናለች።

አንድ ነገር ልጨምር። በጸሎት ርዕስ ስም የሕመምተኛ ምስጢር አይወጣም። «እገሌ የሚባሉ አባት እንዲህ ሆነው» ብላችሁ በቤት ኅብረት ማስጸለይ እኒያን ሰው ሁለተኛ ጊዜ መበደል ነው። «ሥራ ቦታ ከባድ ነገር ገጥሞኛል» ማለት ይበቃል፤ ጌታ ስማቸውን ያውቃል።

ምናልባት ይህን የምታነቢው አንቺ ያላጠፋሽውን ፈርመሽ የተቀመጥሽ ትሆኚ ይሆናል። ወይም ሌላ ሰው በፈንታሽ ተቀጥቶ አንቺ ዝም ያልሽ። ጊዜው አልፏል አትበይ። ነገ ጠዋት ተረኛ ሆነሽ ስትገቢ ያቺን ባልደረባሽን ወደ ጎን ጠርተሽ «አብረን እንሂድ» በያት።